ከነወንበሯ ስለ ታሰረችው ልጄ

ለክቡር የማኅበራዊ ሚዲያ ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ? የሕዝቡን ፎቶ አንድ በአንድ ሲመረምሩ እንዳይደክምብዎ ሰፈሩ ሁሉ ተጨንቆልዎታል። እኔ ባለፈው ሰሞን ስድስት ታጣቂ ልከው ያከበሩኝ አናጢ ነኝ።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ላስረዳ። የሰፈራችን መምህር የትምህርት ቤቱ ጣሪያ እንደሚያፈስ በስልካቸው ጽፈው ስለለጠፉ ታሰሩ። ተማሪዎቻቸው የመምህሩን ባዶ ወንበር ፎቶ አንስተው ለጠፉ። ከዚያ በኋላ ሰው የታሰረበት ሁሉ ወንበር ይለጥፍ ጀመር። እኒሁ መምህር ፊደል ያስቆጠሯት ልጄም በእንጨት ሥራ ቤቴ ያለ አንድ ወንበር ፎቶ አንስታ፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር ለጠፈች። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንዲህ አቀርባለሁ።

1ኛ. ልጄ የተከሰሰችው “በዝምታ አመፅ በመቀስቀስ” መሆኑን ሰምቻለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔና እናቷ ለአንዲት ደቂቃ ዝም ልናሰኛት ስላልቻልን፣ የሌላ ሰው ልጅ የወሰዱ መስሎኝ ነበር።

2ኛ. ወንበሩም በኤግዚቢትነት ተይዟል። መኪናው ላይ ወንበሩን በክብር አስቀምጠው ልጄን አቁመው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ለሙያዬ ስላሳዩት አክብሮት እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ. ኢንተርኔቱን ስለዘጉልን ውለታዎን በምን እንደምንመልስ ጨንቆናል። መለጠፍ ያቃተው ሰው ወንበሩን እያወጣ ደጁ ላይ ያስቀምጥ ጀመር። ስልክ በእጃቸው ነክተው የማያውቁት ጎረቤቴ እማማ እንኳ በርጩማቸውን አውጥተዋል። እርስዎ ባይደክሙልን ኖሮ ተቃውሞው እሳቸው ዘንድ በምን እግሩ ይደርስ ነበር? ከእኔ በር እስከ ዳቦ ቤቱ አርባ አንድ ወንበር ተደርድሯል፤ ይህን ደግሞ በምን እንደሚዘጉት ለማየት ጓጉተናል።

4ኛ. ይህኛው ቀልድ የለበትም። ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። እናቷ በየቀኑ ምሳዋን ይዛ ትሄዳለች፤ በሩ ላይ ልጅቱ እዚህ የለችም ይሏታል፣ ምሳውን ግን ይቀበሏታል። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። የሌለች ልጅ እንዲህ ስትበላ ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ ያንን ሳህን አገላብጣ እያየች ታለቅሳለች፣ ክቡር ሆይ።

ዓይንዎን ከፎቶ፣ ጆሮዎን ከእናት ለቅሶ እግዜር እንዲያሳርፍልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

መዶሻውን ካስቀመጠ ዐሥራ ሁለት ቀን የሆነው አናጢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወሰዱት ወንበር ለጥገና የመጣ ነው፤ የኋላ እግሩ ገና በኮላ አልተጣበቀም። ከግቢዎ በወጣ ወሬ፣ መርማሪዎ ያችን “የለችም” ያሉንን ልጅ ሲጠይቋት የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው አሉ፤ ወደ ኋላ እንዳይደገፉ አደራ ይንገሩልኝ። በነፃ ልጠግነው ፈቃደኛ ነኝ። ነገር ግን ኮላው እስኪደርቅ እግሩን አጥብቃ የምትይዝልኝ ልጄ ናትና፣ ወንበሩን ሲመልሱ እሷንም አብረው ይላኩልኝ።