የመሪጌታ ሣህሉ በገና በመስኮት

ውድ ሔራን፣

ይህን በስልክ ያልነገርሁሽ፣ ገና አፌን ስከፍት «አባባ፣ እጅዎን ታጥበዋል?» እያልሽ ስለምታቋርጪኝ ነው። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። እህል ሊጭን ወደ ቆላ ድባ ለሚመጣው ለሹፌሩ ለአኒስ ሰጥቼዋለሁ። ደግሞም ታጥቤአለሁ።

እናትሽን ጠይቄ ልመለስ ብለሽ ሄደሽ መንገዱ ከተዘጋብሽ ወዲህ፣ የቤተ መዘክሩ ቁልፍ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት ሄጄ «በኮሮና ምክንያት ለጊዜው ዝግ ነው» የሚለው ወረቀትሽ በሩ ላይ መኖሩን አያለሁ፤ ውስጡን አናፍሳለሁ፤ አቧራውን ጠርጌ እዘጋለሁ። ተማሪ የለም፣ ፈረንጅ የለም፣ ጀልባዎቹም ሐይቁ ዳር እንደታሰሩ ናቸው። ዕቃዎቹ ደኅና ናቸው፤ ከአንቺ ማብራሪያ ትንሽ ዐርፈዋል።

በሚካኤል ዕለት ግን እማሆይ እናትዓለም መጡ፤ የባላቸውን በገና የሰጡሽ፣ የሟቹ የመሪጌታ ሣህሉ ሚስት። አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ እንደ ወትሮው ድፎ ዳቦ በዘንቢል ይዘው። በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚያመጡትን ዳቦ ማለቴ ነው፤ ከዘበኛው ጋር ተሻምታችሁ የምትበሉትን፣ ለምን እንደሚመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቃችሁትን። እኔም በልቻለሁ፤ እኔ ግን እንዳንቺ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም።

«ዝግ ነው እማሆይ። በሽታው እስኪያልፍ ሰው አይገባም» አልኋቸው ራቅ ብዬ።

«ታዲያ ዝክሩ የት ሊሆን ነው?»

«የምን ዝክር?»

«የሣህሉ ነዋ። ይህ የዝክር ቤት አይደለም እንዴ? የልጅ ልጅዎ በገናውን ስትለምነኝ፣ ቤተ መዘክር ይቀመጣል አለችኝ። እኛ ልጅ አልወለድን። እኔ ሳልፍ ቤቱ ይዘክረዋል ብዬ ሰጠሁ። ይኸው በየሚካኤሉ ዳቦዬን አላጎደልሁም። አሁን እናንተ ከዘጋችሁት በገናውን መልሱልኝ፤ ቤቴ ወስጄ ብቻዬን እዘክረዋለሁ።»

አየሽ ሔራን፣ እንደ ሌላው ሰው ሙዚየም ብትያቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ግእዙን ካየነው ደግሞ ሴትዮዋ ምንም አልተሳሳቱም።

በገናው የእሳቸው ነው፤ አልሰጥም ማለት አልችልም። ግን ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ወይ ይማገዳል ወይ ይሸጣል፤ የማን እንደነበር የሚያውቅም አይኖር። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

«ትንሽ ይጠብቁኝ» ብዬ ገባሁ። በገናውን ከነወረቀቱ አንሥቼ በሐይቁ በኩል ካለው መስኮት ሥር ወንበር ላይ አቆምሁትና መጋረጃውን ገለጥሁ። እሳቸው ግቢው ውስጥ፣ በገናው ከመስታወቱ ወዲያ ሆኑ።

«እንዲህ ከሆነ መንግሥትም አይቆጣ፣ ሚካኤልም አይቀየም» አልሁ።

«ሣህሉ ድሮም ከቤት አይወጣም» አሉ። «ውጭ ውጭ የምል እኔ ነበርሁ።»

ጸሎታቸውን አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ። የእኔን ድርሻ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ራቁልኝና አነሣሁ። ሥራ የፈቱት ባለጀልባዎችም መጥተው ተራርቀው ቆሙ፤ ለእነሱም እንዲሁ በየድንጋዩ ደረሳቸው። ሲያበቁ እማሆይ ከበገናው ሥር ያለችውን ወረቀት በጣታቸው አሳዩኝ።

«እሱ ላይ ምን ይላል?»

አንቺ የጻፍሽው «በገና። ባለ አሥር አውታር የዜማ መሣሪያ» ይላል። አውታሩን በደንብ ቆጥረሻል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም የለም።

«የመሪጌታ ሣህሉ በገና ይላል» አልሁ።

«ይላል?»

«ይላል።»

«እንግዲያስ እዚሁ ይቀመጥ» አሉና ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ሄዱ።

ባለጀልባው ግሩም መስታወቱ ላይ ተጠግቶ አነበበ። ወደ እኔ ዞሮ «አባባ፣ መነጽርዎን ይቀይሩ» አለኝ።

«መነጽሬ ደኅና ነው፤ የጎደለው ወረቀቱ ነው» አልሁት።

ወሬው ከተማ ገብቷል። ያባቷን የቡና ሚዛን የሰጠችሽ ሸምሲያ በማግስቱ መጥታ «የእኛስ ሚዛን መስኮት የለውም?» አለችኝ። ለዓርብ ቀጠርኋት። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ላይ አንዱ ዕቃ ሲነሣ ሌላው ይገባል፤ ባለቤቱም ግቢ ቆሞ ለሚመጣው ሰው ራሱ ያስረዳል። የአንዳንዱ ማብራሪያ ከአንቺም ይረዝማል።

እማሆይ ለሚመጣው ሚካኤል ማንበብ የሚችል የክርስትና ልጃቸውን ይዘው እንደሚመጡ ልከውብኛል። ስለዚህ ትናንት ካርቶን ቆርጬ፣ ጠረጴዛሽ ላይ ባለው ወፍራም እስክሪብቶ «የመሪጌታ ሣህሉ በገና» ብዬ ጻፍሁና ወረቀትሽ ላይ ከ«ባለ አሥር አውታር» በላይ ለጠፍሁት። ስትመለሺ በኮምፒውተር አሳምረሽ ብትቀይሪው አልቀየምም። ስሙ ግን ከላይ ይሁን፤ ሣህሉም በንጉሡ ሠ ነው።

አያትሽ አዘዘ
ከባሕር ዳር