የአቶ እንደሻው ወልደጻድቅ ሕይወትና በባለቤታቸው ስም የሚሸጠው አረቄ

አቶ እንደሻው ወልደጻድቅ በሐምሌ ወር 1942 ዓ.ም. በዲክሲስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፌ አየለ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በአሰላ አጠናቀዋል።

በ1964 ዓ.ም. የእህል ጥራት መርማሪ ሆነው ተቀጠሩ። ከጮሌ እስከ አርቦዬ እየዞሩ ገብስ በመዳፋቸው ሲያሹና ሲያሸቱ ጡረታ እስኪወጡ ኖሩ። እርጥቡን ደረቅ ብለው አላሳለፉም። በዚህም ብዙ ነጋዴ ጠልቷቸዋል፤ እርሳቸው ግን ይህን ጥላቻ እንደ ሹመት ነበር የሚቆጥሩት።

በ1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ አሰፋች በቀለ ጋር ጋብቻ መሥርተው የኋላሸትን፣ ሮሐንና ፀዲን ወለዱ። የወይዘሮ አሰፋችን ዳግም አረቄ ያልሰማ የአሰላ ሰው የለም። ገብሱን ራሳቸው አብቅለው፣ አንድ ጊዜ የወጣውን መልሰው አውጥተው፣ ባዶ ጠርሙሱን ይዞ ለመጣ ሰው ይቀዱለት ነበር። ቶሎ በይ ላላቸው ሁሉ “አረቄ የሚያስቸኩለው ሰካራም ነው” የሚል መልስ ነበራቸው። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ማሰሮው ታጥቦ ተደፋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዚህ ቤት አንድ ጠብታ አረቄ አልወጣም። ይህን አድማጭ በደንብ ይያዝልን።

በ2013 ዓ.ም. እዮኤልና በእውቀቱ የተባሉ ሁለት የመጠጥ ነጋዴዎች ተጣሉ። እዮኤል “የጮሌ ደጋ”፣ በእውቀቱ “የአርቦዬ ወርቅ” የሚል አረቄ ይሸጣሉ። ሁለቱም ከአያታቸው የወረሱት ሙያ መሆኑን በጠርሙሱ ላይ አሳትመዋል። አንዱ ሌላውን የቤተሰቤን ጣዕም ሰረቀኝ ብሎ ከሰሰ፤ ጉዳዩም ለሽምግልና አቶ እንደሻው ግቢ መጣ። አብረዋቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው ሐጂ ከዲሮ ነበሩ።

አቶ እንደሻው ከሁለቱም ጠርሙስ በየመለኪያው አስቀዱ። ቀመሱ፣ መዳፋቸው ላይ አፍስሰው አሹ፣ እስኪደርቅ ጠብቀው አሸተቱ። በአንዱ ላይ ማር፣ በሌላው ላይ ቅመም ተጨምሯል። ማሩም ቅመሙም ሲተን መዳፋቸው ላይ የቀረው አንድ ዓይነት የተቃጠለ ስኳር ሽታ ነው። የገብስ ሽታ በሁለቱም ውስጥ የለም። ሐጂ ከዲሮም “እኔ አልቀምስም፤ ማሽተት ግን ማንም አልከለከለኝም” ብለው አሸተቱና “እነዚህ መንታ ናቸው፤ አንዱን ጋቢ፣ ሌላውን ካፖርት አልብሳችኋቸው ነው” አሉ። አቶ እንደሻው ደግሞ “ማንም ማንንም አልሰረቀም። ሁለታችሁም የሌላ ሴት ልጅ አዝላችሁ እናቱ እኔ ነኝ ትባባላላችሁ” ሲሉ ፈረዱ።

ነጋዴዎቹ አመኑ። ለካ ከአርሲ ውጭ ያለ አንድ ፋብሪካ በጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ የስም ወረቀት ይዞ ለመጣ ሁሉ በውል ያንኑ አረቄ ይሞላል። ሁለቱም ከዚያ ይቀዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ግን አላወቀም። ያልነበረ አያት ፈጥረው በዚያ አያት መካሰሳቸውን ስናስበው ዛሬም ያስጸይፈናል። እንደ ደንቡ ታረቁ። በሽምግልና የተሰማ ከሽማግሌ ደጅ ስለማይወጣ የተቀመጡት ሁሉ ማሉ። እኛ ልጆቻቸው ከጓዳ ሆነን ሰማን፤ አባታችንም “እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ወሬ ከዚህ ቤት አይውጣ” ብለው አሰሩን።

የታረቁት ሁለቱ ሸሪክ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ሦስተኛ ጠርሙስ አወጡ፤ “የእማማ አሰፋች ዳግም”። ሻሽ ያሰረች ሴት ሥዕል፣ ከሥሯም “ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ” የሚል ጽሑፍ አለበት። የእናታችንና የአባታችን የሠርግ ዓመት መሆኑ ነው። ሌባ የቤት ዕቃ ይሰርቃል፤ እነዚህ የሞተች ሴት እጅ ሰረቁ።

አቶ እንደሻው ሁለቱንም አስጠሩ። “ጋሼ፣ ክብር ነው እኮ፤ ስማቸው እንዳይረሳ ብለን ነው” አለ እዮኤል። “ስሟን ካልረሳችሁ እጇንስ የት አደረጋችሁት?” አሉት። በእውቀቱ ግን ሳቅ ብሎ “ከየት እንደሚመጣ ለሰው ይንገሩና እናያለን። መሐላ አለብዎት” አላቸው። በገዛ ሽምግልናቸው ያስታረቋቸው ሰዎች ናቸው በዚያው ሽምግልና አፋቸውን የዘጉት።

ጠርሙሱን የእኛ አይደለም ቢሉ “ታዲያ ከየት ነው?” የሚለው ጥያቄ ይከተላል። መልሱ ደግሞ መሐላቸውን ያፈርሳል። ስለዚህ ዝም አሉ። በዕድርም በለቅሶም “የወይዘሮ አሰፋችን ቀመስን፤ እጃቸው አልጠፋም” የሚላቸው ሰው በዛ፤ እርሳቸውም ምግብ ሳይቀምሱ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ቀን በዛ። አንድ እሑድ ሦስቱንም አረቄ በሦስት መለኪያ ቀድተው ከፊታችን አስቀመጡ፤ አንድ ቃል ሳይናገሩም እንድናሸት ጠቆሙን። አሸተትን። ያው የተቃጠለ ስኳር ነው።

በ2017 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሐጂ ከዲሮ ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ፣ አባታችን መሐላው እስከ መቼ እንደሚያስር ሐጂን ጠየቋቸው። “ነፍስ ስትወጣ ከምላስ ይወርዳል። የእኔ ግን ገና አለ” አሏቸው ሐጂ። ያን ጊዜ አባታችን ወደ እኛ ዞረው “ነፍሴ ስትወጣ የእናታችሁን ስም አስመልሱ” አሉን።

አቶ እንደሻው ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች አፍርተዋል። ሐጂ ከዲሮ ዛሬም ከመካከላችን ናቸው፤ ቃላቸውን ጠብቀው ዝም ብለዋል። እኛን ግን ከአባታችን በቀር ያሰረን አልነበረም፤ እርሳቸውም ፈትተውናል። ስለዚህ በዚህ ሕዝብ ፊት እንናገራለን፦ በወይዘሮ አሰፋች ስም የሚሸጠው አረቄ የወይዘሮ አሰፋች አይደለም። “የጮሌ ደጋ” ከጮሌ፣ “የአርቦዬ ወርቅ”ም ከአርቦዬ አልመጡም። ሦስቱም አንድ ናቸው።

እዮኤልና በእውቀቱ እዚህ ካላችሁ፣ ለማጽናናት ወደ ድንኳናችን ከመግባታችሁ በፊት ያንን ወረቀት ከጠርሙሱ ላይ ላጡ።

አምላክ የአቶ እንደሻውን ነፍስ ከወይዘሮ አሰፋች ጎን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።