ፍሬኑን ማን በጠሰው?

ለክቡር አቶ በዛብህ፣
የመኪና አስመጪው ኩባንያ የጎጃም ወኪል፣
ደብረ ማርቆስ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ክረምቱን እንዴት አለፉት? ያስቸግርዎት የነበረው ወገብዎስ ተሻለዎት? እኛ እዚህ ዳንግላ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ እታለማሁ ደህና ናት፤ እርስዎ ክርስትና ያነሱት ልጃችን ሀብቱም ጥርስ አብቅሎ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ደህና ያልሆነው ሾፌራችን ዓለምነው ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ክቡርነትዎ በፈረሙለት ደብዳቤ ምክንያት ማደሪያ ተሰጥቶት፣ ዘበኛ ተመድቦለት፣ በከተማችን ወህኒ ቤት ተቀምጧል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። በፖስታ የላክኋቸው ሁሉ መልስ አላገኙም። ምናልባት እነርሱም እንደ መኪናዬ መቆም አቅቷቸው ክቡርነትዎን አልፈው ሄደው ይሆናል ብዬ፣ ይህኛውን ሰው ሁሉ ተረባርቦ እንዲያቆመው ጋዜጣ ላይ አውጥቼዋለሁ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ መኪናዋ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥር ለልጄ ክርስትና ሲመጡ፣ የእኔዋን የምትመስል የኩባንያዎን መኪና እየነዱ እስከ አጥሬ ድረስ፣ እንዲያውም ከአጥሬ ትንሽ አልፈው መግባትዎን የሰፈሩ ሰው አይረሳውም። አጥሩ የባሕር ዛፍ አጣና ነበርና ግድ የለም፤ እኛም የምናከብረው እንግዳ በመምጣቱ ደስ ብሎን ነበር። ልጄን አቅፈው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «ከእንግዲህ አንድ ቤት ነን» አሉኝ። በዚያው ሰሞን ሌላ ነጋዴ የሌላ አገር ሥሪት መኪና በረከሰ ዋጋ ሊሸጥልኝ መጥቶ ነበር፤ አበልጅ እያለኝ ከባዳ አልገዛም ብዬ ሸኘሁትና ይህችን የጭነት መኪና ከእርስዎ ገዛሁ። ያ ሰው አሁን በዳንግላ ባለፈ ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል፤ ፊቱን ማየት አልችልም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጋራዥዎ። መኪናዋ የመጀመሪያውን ዝናብ ስትቀምስ ፔዳሉ ተደጋግሞ ካልተረገጠ አልቆምም አለች። ደብረ ማርቆስ ድረስ ወሰድናት። መካኒኮችዎ በፍሬኑ ውስጥ ያለችውን ጎሚኒ የሚሏትን ትንሽ ጎማ ለውጠው ሙሉ ዋጋ አስከፈሉን፤ ለምን ብንል ዋስትናው ለመኪናዋ እንጂ ለጎሚኒዋ እንዳልሆነ አስረዱን። መኪናና ጎሚኒ የተለያየ አባት እንዳላቸው ያወቅሁት ያኔ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ የፍሬን ዘይቷ እየፈሰሰ የጎማውን ሥር ያረጥበው ጀመር። ተመልሰን ሄድን። በዚህ ጊዜ የተሰጠን መልስ ከቀድሞውም የላቀ ነበር፤ የአገው ምድር መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚበዛው ሾፌራችሁ ፍሬን አብዝቶ ይይዛል፣ ፍሬኑም የተጎዳው በመያዙ ነው ተባልን። እንዲህ ያለውን ምክር በነጻ ማግኘት መታደል ነው። ፍሬኑን ለጥምቀትና ለመስቀል ብቻ አውጥተን ብንጠቀምበት ኖሮ እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ያበራ ነበር። የእታለማሁ የወርቅ ጉትቻ ግን በዚያ ጋራዥ ወደ ጎሚኒነትና ወደ ፍሬን ዘይትነት ተለወጠ። እርሷም ጆሮዋን በሻሽ ሸፍና «አበልጃችን አሉ፣ አይጥሉንም» ትለኝ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ዋናው ነው፤ ክቡርነትዎ ትንሽ ቁጭ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ ዓለምነው ድንችና ገብስ፣ ከላዩም ገበያተኛ ጭኖ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ይወርድ ነበር። ሁለተኛው ጥገና ገና ወር አልሆነውም። ቁልቁለቱ መካከል ላይ ፍሬኑን ቢረግጠው ፔዳሉ ወለሉን ነካ፤ ደግሞ ቢረግጠው እንዲያው ባዶ ሆነ። ማርሽ ቀነሰ። ከታች መንገዱ ወደ ገበያ በሚነዱ ከብቶችና በሰው ተሞልቷል። ልጁ ያን ጊዜ መሪውን ጠምዝዞ መኪናዋን መንገድ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ጋር አጋጫት። በዳር በኩል ይመጣ የነበረ የጋሪ ፈረስ ሞተ፤ ገብስ ነጋዴዋ ወይዘሮ ካሳነሽ ከላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ፤ ዓለምነውም ግንባሩ ተፈነከተ። ከዚያ በቀር ሰው ሁሉ ተርፎ በእግሩ ገበያ ገባ።

ፖሊስ ደርሶ ምን እንደሆነ ጠየቀው። ዓለምነውም ደሙን በእጁ እየጠረገ ሾፌር ሁሉ የሚለውን አለ፦ «ፍሬን በጠስኩ።»

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ቃል የሰጡትን ትርጓሜ ያዩ መምህራን በቅናት ሳይታመሙ አይቀሩም። ደብዳቤዎ «ሾፌሩ ፍሬኑን ራሱ መበጠሱን በአንደበቱ ስላመነ ኩባንያችን ኃላፊነት የለበትም» ይላል። ይህ ደብዳቤ አሁን በአውራጃው ፍርድ ቤት ከክሱ ጋር ተያይዟል። ዓለምነው አፉን የፈታው በአገውኛ ነው፤ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። የመኪናን አማርኛ የተማረው ከሾፌሮች ነው፤ ሾፌሮች ደግሞ መኪናቸውንና ራሳቸውን ለይተው አይናገሩም። ጎማው ሲተነፍስ «ተነፈስኩ» ይላሉ። በክቡርነትዎ ትርጓሜ ከሄድን ከእንግዲህ የተነፈሰ ሾፌር ሁሉ በመተንፈሱ ይታሰራል፤ «ቤንዚን ጨረስኩ» ያለውም በርሜል ሙሉ ቤንዚን ጠጥቷል ተብሎ ወደ ሐኪም ይላካል።

ይህን የማያውቅ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። የአዲስ አበባ ጸሐፊ፣ በሕይወቱ መሪ ያልጨበጠ ሰው ተሳሳተ እል ነበር። ነገር ግን ክቡርነትዎ ወኪል ከመሆንዎ በፊት ስንት ዘመን የጭነት መኪና ሾፌር እንደነበሩ ከማዕዴ ላይ ተቀምጠው አጫውተውኛል። ቃሉን ያውቁታል። እያወቁ ፈረሙበት።

ለአራተኛው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። ከፍቶኛል፣ አቶ በዛብህ። ከድተውኛል። መኪናዋ ብትከዳኝ ብረት ናት እላለሁ፤ እርስዎን ምን ልበል? ወይዘሮ ካሳነሽ እግሯ በሸምበቆ ታስሮ አልጋ ላይ ሆና ለዓለምነው በየቀኑ ስንቅ ትልካለች። «እሱ ባይጠመዝዘው ኑሮ እኔም ከብቱም ገበያተኛውም አንድ ላይ አልቀን ነበር» ትላለች። የተሰበረችው ስንቅ ትልካለች፤ ማዕዴን የቀመሱት ክስ ይልካሉ። እታለማሁ ደብዳቤዎ ሲነበብላት ሰምታ፣ ልጁን ከጭኗ አንሥታ «ታዲያ ይኼ ልጅ አድጎ የክርስትና አባቴ ማን ነው ሲለኝ ምን ልመልስለት?» አለችኝ። መልሱ እርስዎ ዘንድ ካለ ይላኩልኝ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የጥገናው ገንዘብ ይቅር፤ ጉትቻውም ይቅር፤ መኪናዋም ከአፈር ቁልሉ ሥር ዶሮ ይስፈርባት። ችሎቱ ከኅዳር ጽዮን ማግስት ይሰየማል። ዳንግላ ድረስ መጥተው፣ ከዳኛው ፊት ቆመው፣ ሾፌር «ፍሬን በጠስኩ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ብቻ ይናገሩ። ተደጋግሞ የተጠገነ ፍሬን በምን እንደሚበጠስ ለማስረዳት እንኳ አላስቸግርዎትም። ሰው ሳይገድል መኪና ያቆመ ልጅ እስር ቤት ከሚከርም፣ እርስዎ አንዲት ቀን ቢደክሙ ይሻላል። ቤቴ እንደ ወትሮው ይቀበልዎታል፤ እታለማሁ ግን ታናግርዎታለች ብዬ ዋስ አልሆንም።

መሪው በእጅዎ እንዲጸና፣ ፔዳሉ ከእግርዎ በታች ባዶ እንዳይሆንብዎ፣ የሚወርዱበት ቁልቁለት ሁሉ ሜዳ እንዲሆንልዎ ከነቤተሰቤ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

ዓመት ሳይሞላት የተቀበረች መኪና ባለቤትና የክቡርነትዎ አበልጅ፣
አዝመራው አስማረ፣ የእህል ነጋዴ።
ዳንግላ፣ አገው ምድር አውራጃ፤ ኅዳር ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአውራጃው ፍርድ ቤት፤
ለእንጅባራ ቁልቁለት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአጥሬን ነገር ሳልጨርሰው ቀርቼ ነበር። በዚያ የክርስትና ዕለት አጣናውን ሰብረው ከገቡ በኋላ ከመኪናዋ ወርደው፣ አቧራዎን እያራገፉ፣ በቄሱና በእንግዶቹ ሁሉ ፊት የተናገሩትን ሰሞኑን እታለማሁ አስታወሰችኝ፤ ቄሱንም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እየሳቁ «ይቅርታ አቶ አዝመራው፣ ፍሬን በጠስኩ» ነበር ያሉት። እኛ ባላገሮች የእምነት ቃል መሆኑን ስላላወቅን፣ ፖሊስ በመጥራት ፈንታ ጠጅ ቀዳንልዎ። አጥሩ እስካሁን አልተጠገነም፤ ምስክሮቹም በሕይወት አሉ። ዓለምነው ከተኛበት መደብ አጠገብ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ እንዳለ ልኮብኛል፤ እንግዳ አክባሪ ልጅ ነውና ይጠጋልዎታል።