ዝገቱ ስለተወለወለው ዱላ ለክቡር ሊቀመንበራችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጎልፍ ክለባችን ሊቀመንበር

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም በየስብሰባው የሚያነሱልን የቀኝ ትከሻዎ እንዴት ነው? እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የክለቡን የዕቃ ክፍል ስጠብቅ ኖሬ፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ካለፈው ወር ጀምሮ የመኪና ማቆሚያው በር ላይ የተመደብኩት አገልጋይዎ፣ ነፋሱም ፀሐዩም ተስማምቶኝ እጅግ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የምለጥፈው ለቢሮዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላጡ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምስጋና በሁለት ሰው መካከል ተደብቆ ቢቀር ነውር ስለሚሆንብኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሙያዊ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ታላቅ እህቴን፣ አባላቱ ሁሉ አዋላጇ እያሉ የሚጠሯትን፣ ያውቋታል። ረጅሙን ምት አትፈራም፤ ጉድጓዱ ካለበት ከአጭሩ ሣር፣ ከግሪኑ አጠገብ ስትደርስ ግን ኳሷ አርፎ አልቆም እያለ ያንገበግባት ስለነበር፣ ኳሱን አሽከርክሮ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ዌጅ፣ ያንን የአጭር ምት ዱላ፣ ምረጥልኝ አለችኝ። እኔም እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ ባለሙያ አራት ዌጅ አውጥቼ፣ በእያንዳንዱ አሥር አሥር ኳስ ከአንድ ቦታ አስመትቼ፣ ኳሱ ያረፈበትንና የቆመበትን በእርምጃ ለካሁ። ከሁሉም ያነሰ ያስንከባለለው ፊቱ ሃምሳ ስድስት ዲግሪ የተጋደመው ነበር፤ ፊቱ ያልተለበጠ ብረት ስለሆነ ዝጓል፣ መልክ የለውም፣ ፊቱ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ጠርዝ ግን ጥፍር ይይዛል። እርስዎ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ዲግሪው በበዛ ቁጥር ኳሱ ይበልጥ ይሽከረከራልና ያንን የሚያብረቀርቀውን ስድሳ ዲግሪ ውሰጂ ብለው መከሯት። በዚያ የተመታው ኳስ ወደ ሰማይ ወጥቶ እግሯ ሥር ሲወድቅ፣ ጥፋቱ የእጇ እንደሆነ ለማስረዳት ጊዜዎን አልቆጠቡም። እህቴ የዛገውን ወሰደች፤ እንደ ሌሎቹ አባላትም በዕቃ ክፍሉ ታሳድረው ጀመር።

ሁለተኛ፣ ስለ ንጽሕና ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። እንግዶች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በዕቃ ክፍሉ በር ብቅ ብለው ዝገት አዩ፤ በዚያው ከሰዓት የክለቡ ማኅተም ያረፈበት፣ በክቡር ፊርማዎ ያጌጠ ትእዛዝ ደረሰኝ። በዕቃ ክፍሉ ውስጥ የተገኘ ማንኛውም ዱላ፣ የማንም ይሁን የማን፣ መልክ እስኪያሳይ ድረስ በማሽን ይወልወል ይላል። ማሽኑ ከዝገቱ ጋር የመስመሮቹን ጠርዝ እንደሚበላ፣ ጠርዙ ያለቀ ዌጅም ኳስ ማንሸራተቻ እንጂ ኳስ ማቆሚያ እንደማይሆን ላስረዳዎ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። እርስዎም ሠላሳ ዓመት የተጫወተን ሰው ዕቃ ጠባቂ አያስተምረውም ብለው አሰናበቱኝ። ለካስ እኔ ቢሮዎ ቆሜ ስለፈልፍ፣ የጠሩት የብረት በር ሠሪ ሥራውን ጨርሶ የእህቴን ዌጅ በጨርቅ እያሻሸ ነበር። በእሱ አልፈርድም፤ በዕድሜው በር እንጂ ዱላ ነክቶ አያውቅም። እንዲያውም አማረልህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሦስተኛ፣ በጉባኤ ፊት ስላነሱኝ አመሰግናለሁ። እንግዶቹ በመጡ ዕለት የክለቡ ቡድን መምረጫ ጨዋታ ተደረገ። እህቴ ከሥራዋ እየወጣች በቀጥታ ወደ ሜዳ እየመጣች በቡድኑ ውስጥ ቦታ ለማግኘት አራት ዓመት ለፍታ ነበር፤ ሌላ ዌጅ ስላልነበራትም ያንኑ የተወለወለውን ይዛ ገባች። በመጨረሻው ጉድጓድ ኳሷ ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቦታ አረፈ፤ አጠገቡ ቆሜ ስለነበር አይቻለሁ። ከዚያም ሄደ፣ ሄደ፣ ግሪኑን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ኩሬው ውስጥ ገባ። አላለቀሰችም፤ ዱላዋን ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ይህም ከለቅሶ ይልቅ አንጀቴን በላው። በሳምንቱ በጠቅላላ ጉባኤው እርስዎ ተነስተው፣ ዱላውን የመረጠላት ሙያ የሌለው ወንድሟ ነው፣ ክለባችንን በእንግዶች ፊት ያዋረደውም እሱ ነው አሉ። ሰማንያ አባል ዞሮ አየኝ። ትእዛዝዎ በኪሴ ነበር፤ እህቴ ተው ብላ ክንዴን ባትይዘኝ ኖሮ ያን ጊዜውኑ አነበው ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን ቂም ያዝኩብዎ። እንዲህ በግልጽ ስለጻፍኩት ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

አራተኛ፣ ስለ አዲሱ የሥራ ቦታዬ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ቢሆንም፣ ከበሩ ላይ የመጨረሻው ግሪን ወለል ብሎ ስለሚታይ አልከፋኝም። ሰሞኑን የእርስዎ ኳስ ግሪኑ ላይ አርፎ እየተንሸራተተ ሲያልፍ አይቼ ከልቤ ተሰምቶኛል። ጥፋቱ የሣሩ ነው ብለው የሣር ባለሙያውን ሁለት ጊዜ እንደገሠጹት፣ ቀጥሎም ኳሱን እንደቀየሩ ሰምቻለሁ። ትጋትዎ የሚያስቀና ነው።

ዛሬ የክለቡ ዋንጫ ፍጻሜ ሲሆን፣ ተጋጣሚዎ ደግሞ ይህችው አዋላጅ እህቴ ናት። አዲሱን ዌጇን በዚያው ዘዴ፣ በእርምጃ ለክቼ እኔው ነኝ የመረጥኩላት። እንደ ቀድሞው ዝጓል። በዕቃ ክፍሉ አላሳደረችውም፤ ቤቷ፣ የሥራ ልብሷ በሚሰቀልበት ቁም ሣጥን ውስጥ ታኖረዋለች፤ በመታች ቁጥርም በመስመሮቹ መካከል የገባውን አፈር በእርጥብ ጨርቅ አውጥታ ታደርቀዋለች። ለሁለታችሁም መልካም ዕድል እመኛለሁ፤ ለእርስዎ ግን ከእሷ ይበልጥ የሚያስፈልግዎ ይመስለኛል።

አጭር እግር ካለው ወንበሬ ብድግ እያልኩ ለመኪናዎ በር የምከፍት፣ ለፊርማዎ ከማንም በላይ ታማኝ የሆንኩ፣ ባርኔጣዬን አንስቼ የምሰናበትዎ፣

የቀድሞው የዕቃ ክፍል ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ቁልፉን ባስረከብኩበት ዕለት ትእዛዝዎን ደግሜ ሳነበው፣ ሥራው እንዳልተሟላ ተረዳሁ። በር ሠሪው በመጣ ጊዜ የእርስዎ ቦርሳ መኪናዎ ውስጥ ስለነበር አምልጦ ነበር፤ በርክክቡ ዕለት ግን በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ተገኘ። የማንም ይሁን የማን ይላልና፣ ዌጅዎን በገዛ እጄ፣ ሳልቸኩል፣ መልክ እስኪያሳይ ድረስ ወለወልኩት። በማግስቱ እንደ መስታወት ይዘው ጸጉርዎን ሲያስተካክሉበት አይቼ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፊርማዎ ያለበት ትእዛዝ ከዚህ ደብዳቤ ሥር ተለጥፏል። ደብዳቤውን የለጠፍኩት የዛሬውን የመጀመሪያ ኳስዎን ከመቱ በኋላ ነው፤ ጨዋታ ከተጀመረ ወዲህ ዱላ መለወጥ እንደማይፈቀድ በየስብሰባው የሚያነቡልን ራስዎ ነዎት። እንግዲህ ኳስዎን ፈልገው ካጡት አዋላጇን ይጠይቋት፤ ኩሬው ውስጥ በየት በኩል እንደሚገባ ታውቃለች።