«ቤት ያፈራው» ለሽያጭ ስለ መቅረቡ

በሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ቤቶችን በአዳር ለሚያከራዩት ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴን በተጨማሪ አገልግሎት ዝርዝርዎ ውስጥ ስላካተቱልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለስልክዎ ባትሪና ለኮከቦችዎ ብዛት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኛም፣ ማለትም እኔና ባለቤቴ፣ እርስዎ በሚያውቋት ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አለን፤ ደህና ነን እንዳልል ግን ይህ ደብዳቤ ራሱ ይታዘበኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት የሰው ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥና ፋይል ውስጥ ስከት የኖርኩ ጡረተኛ ነኝና፣ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ማቅረቤን እንደ ሙያ ልማድ ይቁጠሩልኝ።

1ኛ/ ስለ ጀምበር። ለእንግዶችዎ በክፍያ በሚያቀርቧቸው ተጨማሪ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ፣ ከተጨማሪ ትራስ፣ ቀድሞ ከመግባትና ዘግይቶ ከመውጣት ቀጥሎ፣ «ጀምበር ስትጠልቅ በሰገነት ላይ» የሚል አንብቤ እጅግ ተደንቄያለሁ። ጀምበርን ከማን እንደተከራዩዋት ባላውቅም፣ እንግዶችዎ እሷን በሚመለከቱበት ሰዓት የነዋሪው ልብስ ሁሉ ከገመድ ላይ እንዲወርድ ስላዘዙ፣ እርጥብ አንሶላችንን መኝታ ቤታችን በር ላይ ማስጣት ለምደናል። የባለቤቴ የሌሊት ልብስ ለጀምበሯ ውበት እንቅፋት ሆኖ ስለመቆየቱ በራሴና በልብሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ/ ስለ ጸጥታ። «ጸጥ ያለ ፎቅ»ም ዋጋ ወጥቶለታል። ሳሌን በትራስ እያፈንኩ ከዚህ ምርት አምራቾች አንዱ ለመሆን ስለበቃሁ ኩራት ይሰማኛል።

3ኛ/ ስለ «ቤት ያፈራው»። እዚህ ላይ እጄ ስለሚከብደኝ ከሥርዓቱ ወጣ ብል ይታገሡኝ።

ከአራት ወር በፊት በአንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ከእንግዶችዎ መካከል አንድ ባልና ሚስት ሕፃን ታቅፈው፣ የላኩላቸው የቁልፍ ሳጥን ቁጥር አልከፍት ብሏቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ባለቤቴ በሩን ከፍታ፣ ማንም ሰው ደጃፉ ላይ ለቆመ እንግዳ የሚለውን ነገረቻቸው፤ «ግቡ እንጂ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» አለቻቸው። ቤቱ በዚያ ጠዋት ያፈራው የትናንት ዳቦ፣ ሁለት እንቁላልና ሻይ ነበር። ሕፃኑ ጭኗ ላይ አንቀላፋ። ሰዎቹ ሲሄዱ በድርጅትዎ ገጽ ላይ አመስግነዋት ጻፉ፤ እርስዎም አነበቡት። ሌላ ሰው ቢሆን አንብቦት ደስ ብሎት ያልፍ ነበር፤ እርስዎ ግን ዐዋቂ ነጋዴ ነዎትና በሳምንቱ ከዝርዝሩ ውስጥ አዲስ መስመር ገባ፦ «ቤት ያፈራው፤ ከአንዲት እናት እጅ የሚቀርብ የጠዋት ቁርስ፤ ከአሳንሰሩ በስተቀኝ ያለውን አረንጓዴ በር ያንኳኩ።»

በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው ሁሉ፣ ቤት ያፈራውን ማለት «ጥቂት ነው፣ አትናቁን» ማለት መሆኑን ያውቃል። ሰው ያለውን ሲያቀርብ ልክ እንዳይጠየቅበት የሚላት ቃል ናት። እሷን ፎቶ አንሥቶ፣ ከጎኗም ከሌላ ቦታ የመጣ የፍራፍሬ ሳህን ለጥፎ ለገበያ ማቅረብ ከእርስዎ በፊት ማን አሰበው?

ለባለቤቴ ግን የነገራት አልነበረም። በየጠዋቱ የሚያንኳኩት ሰዎች የራባቸው መስሏት አበላቻቸው። ስልካቸውን ዘርግተው የከፈሉበትን ሲያሳዩዋት፣ መነጽሯ አጠገቧ ስለማይገኝ የልጆቻቸውን ፎቶ የሚያሳዩዋት እየመሰላት «ያሳድግላችሁ» ብላ ትመርቅ ነበር። እኔም ሰው ስለ በዛላት ደስ ብሎኝ ዳቦ እጨምር ነበር። ደረሰኙ በዚህ መጠን የተመረቀለት ድርጅት ከዚህ በላይ እንዴት እንዳላደገ ይገርመኛል።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ሰው መጥቶ፣ ሳህኑን ከፎቶው ጋር አስተያይቶ፣ ፍራፍሬው የት እንደሄደ ጠየቃት። አልተቆጣችም። ይቅርታ ጠይቃ፣ አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ስለተኛ፣ በታመመ ጉልበቷ ሦስት ፎቅ ወርዳ ሁለት ብርቱካን ይዛ ስትመለስ ሰውየው ሄዷል። ጽሑፉ ግን ገጽዎ ላይ ቀርቷል፦ «ቤቱ ያፈራው በጣም ትንሽ ነው። ሁለት ኮከብ።»

በሦስተኛው ቀን የድርጅትዎ ማኅተም ያረፈበት «የአገልግሎት ጥራት ማስጠንቀቂያ» በበራችን ሥር ገባ። አንብብልኝ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ ሳላጎድል ያነበብኩ ሰው ነኝና ይህንንም አነበብኩላት፤ ቁርሱ የሚሸጥ እንደሆነ፣ ደረጃው እንደወረደ፣ ካልተሻሻለ እንደሚሰረዝ፣ ከእንግዲህም ያለ ትእዛዝ ለእንግዳ ምግብ መስጠት «ገበያውን ስለሚያበላሽ» ክልክል እንደሆነ። በሕይወቴ መዋሸት የነበረብኝ አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር። አልዋሸሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መሸጧን ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ኮከቡ ላይ ቆማ ቀረች። «አነሰባቸው ማለት ነው?» አለችኝና አፍራ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ በር ማንም አፍሮ ሳይመለስ፣ የቤቱ እመቤት አፈረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በራችን ተቆልፏል። በተንኳኳ ቁጥር ወደ እኔ ዞራ «እንግዳ ነው ወይስ ትእዛዝ?» ትላለች፤ መልሱን ስለማላውቀው ሁለታችንም ሳንከፍት እንቀመጣለን። የቆጣሪ አንባቢው ሦስት ጊዜ ተመልሷል። የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊም ልትጠይቃት መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ሄዳለች። የምትበላውም እያነሰ ነው። ለሁለት ሰው መሥራት አይሆንልኝም ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ለሁለት ሰው ሠርታ አታውቅም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን የምጽፍበት የትሕትና አነጋገር ግን ብፈልግ አጣሁለት።

ለሁለት ሰው ሠርታ እንደማታውቅ እርስዎም ምስክር ነዎት። እናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በነርስነት በፈረቃ ሲሠሩ፣ ዛሬ በአዳር ከሚያከራዩት ከፊት ለፊቱ ቤት እየተሻገሩ ከገበታችን በልተው ያደጉት እርስዎ ነዎት። ባለቤቴ ያወጣችልዎን ስምም የረሱት አይመስለኝም፤ ሳህንዎን ከጨረሱ በኋላ «አንዲት ኩርማን ዳቦ ጨምሪልኝ» ሳይሉ ተነሥተው ስለማያውቁ «ኩርማን» ትልዎት ነበር። በዚህ ሕንፃ ውስጥ የመጀመሪያው የተጨማሪ አገልግሎት ተጠቃሚ እርስዎ መሆንዎን መዝገቡ ያስረዳል።

ስለዚህ የምለምነው ካሳ አይደለም። ያቺ መስመር ከዝርዝሩ ትፋቅ፤ ከዚያም አንድ ጠዋት እርስዎ ራስዎ መጥተው አረንጓዴውን በር ያንኳኩ። «እንግዳ ነው ወይስ ትእዛዝ?» ስትለኝ የምመልስላት ነገር እንዳገኝ ነው።

ስለ ጀምበሯ፣ ስለ ጸጥታውና ስለ ሁለቱ ኮከቦች፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሳህንዎ እንዳይጎድል ከልብ እመኛለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
በዝርዝርዎ ላይ የተጠቀሰችው እናት ባል፣
ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለደረጃው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአሳንሰሩ (ሥራ በጀመረ ጊዜ)

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ በ«እርስዎ» የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ከ«አንተ» ሌላ ብላህ አታውቅም። ደብዳቤውን ልለጥፍ ስነሣ ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ተቆጣች፤ የተቆጣችው ግን እኔን ነው። «ልጁን ምን አድርግ ትለዋለህ? ድሮስ ቢሆን ጨምሪልኝ እንጂ በቃኝ ሲል ሰምተነው እናውቃለን?» አለችኝ። ይህን ያለችው፣ ኩርማን፣ ለአንተ ስትከራከር ነው።