የቀየርኩት ሳህን

ልጄ ኤልሮኢ፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ዲላ ዝናብ ገብቷል፤ ቡናችንም አብቧል።

በስልክ ያልነገርኩህ ጥፋት አለብኝ። ሚስትህ ሲፈን ዞር ስትል ሳህኔን ከሷ ጋር እቀይር ነበር። ቀድማ ካልጎረሰችም አልጎርስም። አንድ ቀን አየችኝና «አባባ፣ የኔ በለጠብዎት እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳቋን አልወደድኩትም። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ያስመልሰኛል፤ የምታበስለው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ስጸልይ እንኳ አንድ ዓይኔ ማድቤት ነበር።

ኋላ ትንሿ ልጃችሁ ናፍቆትም እንደኔ ታስመልስ ጀመር። እሷ ገንፎና ወተት እንጂ የኔን ወጥ አትቀምስም፤ የምትተኛው ግን እኔ ክፍል ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

«ከምግቡ ይሆን መርዙ?» ብዬ ስጠይቃት ነርሷ «መርዝ በአፍ ብቻ አይገባም፣ በትንፋሽም ይገባል» አለችኝ። «እርስዎን ራስዎን ያሳመመ መጠን ሕፃንን ክፉኛ ይጎዳል። የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ምን አለ?»

የእናትህን አልጋ ባዶውን ማየት ከብዶኝ የበቆሎ ጆንያ ደርድሬበታለሁ። እንዳይነቅዝ ብዬ የነቀዝ መግደያ ኪኒን የከተትኩበት እኔው ነኝ። ነርሷ «እርጥበት ሲነካው የሚገድል ጋዝ ያወጣል» ስትል ሲፈን አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ጆንያው ከቤት ወጥቷል። ናፍቆት መጫወት ጀምራለች፤ ሌሊት ግን እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ጌታ በሰላም ወደ ቤትህ ይመልስህ። ማታ ማታ እግሬን የምታጥበኝ ሲፈን ነበረች። ትናንት ውኃውን እኔ አሞቅሁ። «ኧረ አባባ፣ ነውር ነው!» ብትልም አስቀመጥኳትና ጎንበስ ብዬ እግሯን አጠብኩ።

አባትህ ቦና