የጋቢናው ቀበቶ

ኅዳር 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት

ለተቀየመችኝ ውድ ባለቤቴ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጃችን፣ ባሏ፣ የልጅ ልጃችን ድንቡሼስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። ስደውል "ደህና ነህ?" ትዪኝና ስልኩን ለልጃችን ታቀብዪያታለሽ። ወረቀቱን ግን ቢያንስ እስከ መጨረሻው ታነቢው ይሆናል ብዬ ነው።

የሄድሽው ልጃችንን ልታርሺ ነበር። አራሷ ተነስታ ሥራ ከገባች ቆየች፤ ድንቡሼም ግድግዳ ይዞ መሄድ ጀመረ አሉኝ። ያልተመለሰችው ያረሰቻቸው ብቻ ናት። ጎረቤታችን እትዬ በአጥሩ በኩል ባዩኝ ቁጥር መቼ እንደምትመጪ ይጠይቁኛል። "ቅዳሜ" እላቸዋለሁ። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ እሳቸውም አይጠይቁኝ፣ እኔም አልነግራቸው።

ቤቱ ያው ነው። አበቦችሽን አጠጣለሁ፤ አንዷ ደርቃለች፣ አልደብቅሽም። ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው፤ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ ማሰናዳት ያስጠላል። ቴሌቪዥኑን እከፍትና ሳላየው እዘጋዋለሁ። ብቻዬን ከብዶኛል፣ ምን ልዋሽሽ።

አሁን ስለ መኪናው ልንገርሽ፤ "ደሞ ጀመረው" እንዳትዪ። ያን ቀን ወደ ልጃችን ስንወጣ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ መኪናው ወደ ጎን ሲያዘነብል አቁም አልሽኝ። ወረድሽና ሻሽሽን እያስተካከልሽ፣ "ሁለተኛ እዚህ መኪና ውስጥ አልገባም። አንተ የዚህን ብረት ሳል ትሰማለህ፤ እኔ ከጎንህ ሆኜ ሦስት ጊዜ ቀስ በል ስልህ ግን አትሰማም" አልሽኝ። ከዚያ አውቶቡስ አስቁመሽ ገባሽ። እኔም ሻንጣሽን የኋላ ወንበር ላይ እንደጫንኩ አውቶቡሱን እስከ ልጃችን ከተማ ድረስ ተከተልኩት። በአውቶቡሱ የኋላ መስታወት በኩል ሻሽሽ ይታየኝ ነበር። አንዴም አልዞርሽም።

ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። መኪናው ማዘንበሉን ቢተው ትገቢ ይሆናል አልኩ። ታውቂኝ የለ፣ በመፍቻ የማይፈታ ነገር ያለ አይመስለኝም። ጆሮው የምንለው ጋ ሄድኩ፤ ሞተር በድምፁ የሚመረምረው ያ መካኒክ ወዳጄ፣ ሠርጋችን ላይ ሚዜዬ የነበረው።

መጀመሪያ የመንገዱን ንጥቀት የሚያበርዱትን ሾኮች አወጣን፤ ዘይታቸው አልቆ ነበር። ጠንከር ያሉ አዳዲስ አስገባን። ሞላዎቹንም አጠር ባሉ ቀየርናቸውና መኪናው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ። በብረቶቹ መጋጠሚያ ያሉትን የተበሉ ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎቹን፣ በሙሉ በአዲስ ቀየርናቸው። ያም ሆኖ ኩርባ ላይ መሪውን ሳዞረው አፍንጫው ወደ ውጭ መሄዱን አልተወም። ጆሮው ከሥሩ ወጥቶ እጁን እየጠረገ አስረዳኝ። በዚህ መኪና ሞተሩ የሚያዞረው የፊት ጎማዎቹን ነው፤ የሚጎትቱትም፣ አቅጣጫ የሚይዙትም፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱን የሚችሉትም እነሱ ናቸው። የኋላዎቹ እንደ እንግዳ ተጎትተው ነው የሚመጡት። "የፊቱን ምን ታስጨንቀዋለህ፣ የኋላውን ሥራ አስገባው እንጂ" አለኝ። እሱ ስለ ጎማ ነበር የሚያወራው፤ እኔ ግን አንቺና ቤታችን ትዝ ብላችሁኝ አንገቴን ደፋሁ።

ከኋላ ግራና ቀኙን የሚያያይዘውን፣ ስታብላይዘር የሚሉትን ብረት በወፍራም ለወጥነው፤ የጎማዎቹን አቅጣጫ የሚያስተካክለውን አላይመንትም አሠራሁ። ከዚያ ጆሮውን ጋቢና አስቀምጬ ያንኑ መንገድ ወጣሁት። ሦስተኛው ኩርባ ላይ መኪናው መሬቱን ቆንጥጦ ዞረ፣ ንቅንቅ አላለም። ጆሮው ዳቦ እየበላ ነበር፤ ማኘኩን እንኳ አላቆመም። ምነው አንቺ ባየሽው አልኩ።

በማግስቱ ብቻዬን ስወጣ ግን ኩርባው ላይ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ቀኝ ስዞር ቋ፣ ግራ ስዞር ቋ። ጆሮው ጋ ወሰድኩት፤ አብሮኝ ገብቶ ዞርን፣ ምንም የለም። ብቻዬን ስመለስ፣ ቋ። እንደገና ወሰድኩት፤ እሱ ሲገባ ጭጭ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ፤ አንዱማ መመርመር ያለበት መኪናው ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። በመጨረሻ ጆሮው ጋቢናውን ትቶ ከኋላ ገባና ዓይኑን ጨፈነ። ኩርባው ላይ ሲመታ እጁን ዘርግቶ ያዘው።

ያንቺ ቀበቶ ነው። መጠቅለያው ላልቷል፤ ሰው ሲቀመጥ ስለሚታሰር ድምፅ የለውም፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ግን ጫፉ ላይ ያለው ብረት እየተወዛወዘ የበሩን ጎን ይመታል። ያ ሁሉ ብረት ሲያንኳኳ ይሸፍነው ነበር መሰለኝ፤ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል እሱ ብቻ ቀረ።

"ባዶ ሲሆን ነው የሚጮኸው። እሰረውና ዝም ይላል" አለኝና ሊያስረው እጁን ሰደደ።

"ተወው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሚዜዬ አይደል፣ እጁን መልሶ ወረደ። እስካሁን አላሰርኩትም። ሥራ ስሄድም ስመለስም እያንኳኳ አብሮኝ ይሄዳል።

ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ለእትዬም የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። መኪናው አሁን አያስልም፣ አያዘነብልም፤ ከእሱ የማዳምጠው ነገር የለኝም። መንገዱን ሙሉ ብታወሪ፣ ብትቆጪኝም፣ የምሰማው አንቺን ብቻ ነው። ቀስ በል ካልሽኝ ገና በመጀመሪያው ቀስ እላለሁ። ናፍቀሽኛል። አልገባም ካልሽም አልቀየምሽም፤ ሻንጣሽን ብቻ ስጪኝና አውቶቡስሽን ያዢ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እመጣለሁ።

ድንቡሼን ሁለቱን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ እግሩን ያጽናለት። የልጃችንን ቤት ሰላም ያድርግላት። ላንቺም መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ወደዚህ ቢያቀናው ደግሞ እሰየው።

አውቶቡሱን የተከተለው
ሹፌርሽ